ሥርን ለመተርጎም የተቋቋመው ኮሚቴ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ጉለሌ ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ግን በታሪኩ ቸኩሎ ስለማያውቅ፣ ምንም አፍስሶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ አለማመስገን ንፉግነት ነው።

ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራው እንድርያስ፣ እግሩን አስገብቶ ከሚሸምንበት ጉድጓድ የመንግሥት ባሕር ዛፍ ሥር ብቅ አለበት። ሥሩ እየወፈረ ሄዶ መርገጫውን ያዘው፤ ሽመናው ቆመ። መስቀል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ጨንቻ ላሉት እናቱ ቃል የገባው ቡሉኮ ደግሞ ገና እኩሌታው ነው። ያለ ፈቃድ መቁረጥ ስለሚያስቀጣ ለዚሁ መሥሪያ ቤት አመለከተ።

ኃላፊው አቶ ነገራ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

«ሥር ስትል የየትኛውን ዘርፍ ማለትህ ነው?»

«የባሕር ዛፉን ነዋ፣ ጌታዬ። እግር ማስገቢያ አሳጣኝ።»

መልሱ ጥናት ስለጎደለው ኮሚቴ ተቋቋመ። የእጽዋት ባለሙያ አልተጠሩም፤ ለአንዱ ትርጉም ያደላሉ ተብሎ ተሰጋ። የጥርስ ሐኪሟ ሥር ያለ ማደንዘዣ አይነካም አሉ። የቋንቋ ምሁሩ ሥሩ የተነቀለ ቃል ትርጉም አይኖረውም ብለው አስጠነቀቁ። የሕግ አማካሪው በበኩላቸው ከሥር ፍርድ ቤት የተነሣ ጉዳይ በይግባኝ ወደ ላይ እንደሚወጣ ካስረዱ በኋላ ቆሎ ቀረበ።

እንድርያስ በየሁለት ቀኑ እየሄደ መስቀል መቃረቡን ያስታውሳል። አቶ ነገራም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያሉ ያጽናኑታል። እሱ ግን እየተናደደ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ምሁራኑ በአንድ ነጥብ ተስማሙ፤ ሥር ማለት በዓይን የማይታይ ነገር ነው። የሕግ አማካሪው ጥቂት ቢያቅማሙም፣ የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔም ቶሎ እንደማይታይ አስታውሰው ፈረሙ። ለእንድርያስም ደብዳቤ ደረሰው፦ «በጉድጓድዎ ያለው ነገር በግልጽ የሚታይ ስለሆነ ሥር አለመሆኑን እየገለጽን፣ ማመልከቻዎ የተዘጋ መሆኑን እናሳውቃለን።»

እንድርያስ ደብዳቤውን አንብቦ ከጎረቤት መጥረቢያ ተዋሰ።

በማግሥቱ አቶ ነገራ ደንብ አስከባሪ አስከትለው መጡ። የመንግሥት ሥር ማን እንዲቆርጥ እንደፈቀደለት ጠየቁት። እንድርያስ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ደብዳቤውን ዘረጋላቸው። አቶ ነገራ የገዛ ፊርማቸውንና ማኅተሙን አይተው ወደ ጉድጓዱ አጎነበሱ።

«ታዲያ ይሄ የተቆረጠው ምንድን ነው?»

«እሱን ኮሚቴው ያጥናው» አለና መርገጫውን ረገጠ።

ኮሚቴው እያጠናው ነው። ቡሉኮውን እናቱ ለመስቀል ለብሰውታል።