በአዛን ሰዓት የሚነቀለው ሶኬት

በሁለቱ ትከሻችን ላይ በጎውንም ክፉውንም የሚጽፉ መላእክት መኖራቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ኮምፒውተርም እንዲህ ያለ መዝገብ እንዳለው ግን፣ ወላሂ፣ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናንተስ ታውቁ ኖሯል?

በቤታችን አዛን ሲሰማ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ ጸጥ ይላል። ሬዲዮው ይዘጋል፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፣ ሐሜትም ብትሆን ለጊዜው ትቆማለች። ልጄ ነቢላ ታዲያ አመሻሽ ላይ ኮምፒውተሯን «እስክመለስ ራሱን ያድስ» ብላ ትታ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። እሱ እንደ ንብ ቀፎ እምም ሲል መግሪብ ይደርሳል፤ እኔም ቢስሚላህ ብዬ ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ። ባትሪው የሞተ ነውና ወዲያው ዝም። እንደሱ የሚታዘዝ ልጅ አልወለድኩም። ሰግጄ ስጨርስ ደግሞ መልሼ እሰካዋለሁ፤ ነቢላም ስትመለስ አድሶ ጨርሶ የተዘጋ ይመስላታል።

ነገሩ የፈነዳው ነቢላ በዚያው ኮምፒውተር የሥራ ፈተና ልትፈተን አንድ ቀን ሲቀራት ነው። የፈተናው ፕሮግራም «መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይታደስ» ብሎ አልከፈት አለ። ኮምፒውተሩን ታቅፋ፣ እኔን አስከትላ፣ የጀጎልን መንገድ እየሮጠች ኮምፒውተሩን ወደሸጠላት ወደ ጀማል ሱቅ፣ ሸዋ በር፣ ገባች። ጀማል ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው።

«የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጥክልኝ! ለአገር ምድሩ ነው የምናገረው!» አለችው ነቢላ።

«ተረጋጊ እህቴ፤ የገባውንና ያልገባውን እንየው» አለና የእድሳቱን ዝርዝር ከፈተ። አልተሳካም፣ አልተሳካም፣ አልተሳካም። ቀጥሎ እያንዳንዱ የተቋረጠበትን ሰዓት አወጣ። «አጃኢብ! ሁሌም የሚቆመው መግሪብ ላይ ነው። ይሄ ኮምፒውተር ይሰግዳል እንዴ?»

ነቢላ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም፤ የሰውየው ስም ግን ገበያ ላይ ይቀራል። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የሰው ሐቅ ያለበት ወርቅ ግን አንገት ያቃጥላል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለአዛኑ ብዬ ነው የምነቅለው።»

ጀማል ስክሪኑን ትቶ እኔን አየ። «ወይ እናታችን! ታዲያ ሶላቱን አስቋረጡት እኮ!»

ልጄ አፍራ አፉ በለኝ አለችው። እሱም እዚያው አድሶ ሰጣት፤ አልሐምዱሊላህ፣ በማግስቱ ተፈተነች። ለወደፊቱ ደግሞ እድሳቱን ከሱብሂ በኋላ አደረገላት፤ እኔ ቁርኣን ስቀራ ማንንም የማልነቅልበት ሰዓት ነው።

ስንት ዓመት ሙሉ «ተነሽ፣ ሱብሂ አለፈሽ» ስላት ብርድ ልብሷን የምትከናነበው ልጄ፣ አሁን እናቷን ስለማታምን ጎህ ሲቀድ ተነስታ ሶኬቷን ትጠብቃለች። ከተነሳች አይቀር ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች።

እኔም አልፎ አልፎ ቁርኣኔን ይዤ ወደ ሶኬቱ ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ። እንዳትዘናጋ ያህል።