የአያ ኑርዬ ሐዘን

በየከተማው፣ ገና አፉን ሳይከፍት የሚያስቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የሐይቅ ከተማው አያ ኑርዬ ነው። ያለ እሱ ሠርግ አይደምቅም፤ ውጫሌ ገበያ ብቅ ካለ ሻጩ ሚዛኑን ትቶ ይከበዋል። በደሴ መድረኮች፣ ኋላም ከስልክ ስልክ በሚዞሩ ቪዲዮዎች፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያሳቀ፣ ክቡር የሳቅ ባለሟል!

የዚህ ዓይነቱ ሰው መከራ ቁም ነገሩን የሚሰማው ማጣቱ ነው። አንድ ጊዜ ሆዱን ቆርጦት ጤና ጣቢያ ቢሄድ ነርሷ ገና ስታየው በሳቅ ፈረሰች። "ወላሂ የምሬን ነው!" አለ። ተራ ጠባቂው በሽተኛ ሁሉ አብሯት ሳቀ። በማግስቱ ደሴ ወስደው ትርፍ አንጀቱን አወጡለት።

አምና ሰሚሃ የምትባል ወጣት የፊልም አዘጋጅ ሐይቁ ዳር ልትቀርጽ መጣች። ልጁን ውኃ የበላበት ዓሣ አጥማጅ ሆኖ የሚተውን ፈልጋ አያ ኑርዬን መረጠች። ከተማው "ልጅቱ ለይቶላታል" አለ። እሱ ግን ከደስታው ብዛት እህል አልወርድ አለው።

የቀረጻው ዕለት ጉድ ፈላ። የሟች ልጁን ሸሚዝ ሲሰጡት ደረቱን ደቃ፣ ዓይኑን አጉረጠረጠ፣ አሸዋው ላይ ተንከባለለ። ሊያይ የመጣው ሰው በሳቅ አለቀ። የካሜራው ባለሙያ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ተበላሸ። ስድስት ጊዜ ተደገመ፤ ስድስት ጊዜ ተሳቀ።

"አያ ኑርዬ፣ አይቀየሙኝ፤ ከሰዓት ካልሆነ ሌላ ሰው ልፈልግ ነው" አለችው ሰሚሃ።

አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ዙሌይካ ምሳ አቀረበችለት።

"አባረሩህ?"

"ገና ናቸው። ማልቀሱን አልቻልኩበትም።"

"ማን አልቅስ አለህ? በሰው መሃል ፊትህ አርፎ አያውቅም። እኔ ዘንድ እንደምትቀመጠው ተቀመጥላቸው።"

"እንዴት ነው የምቀመጠው?"

"አሁን እንደተቀመጥከው!"

ከሰዓት ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙን ጭኑ ላይ ዘረጋ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፤ አጠፈው። ሰሚሃ "በቃ" ብላ ቀረጻውን ማስቆም ረሳች።

ፊልሙ ሐይቅ ላይ የታየ ዕለት አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። ገና የአያ ኑርዬ ፊት ብቅ ሲል ሰው በሳቅ ተናጋ። እሱ ከኋላ ወንበር ላይ "አለቀልኝ" ብሎ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ፊልሙ ሸሚዙ ጋ ሲደርስ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት አፍንጫዋን ሳበች፤ ተከትሎ ረድፉ በሙሉ።

ሲወጣ ሰው በሩ ላይ ተሰልፎ ጠበቀው።

"አላህ ሰብሩን ይስጥህ።"

"እግዜር ያጽናህ፣ ወንድሜ!" ከሰልፉ ፊት የነበሩት ወይዘሮ ተሾመች እጁን ይዘው አልለቅ አሉ።

"ኧረ ልጄ ደህና ነው! ይኸው ሙአዊያ፣ ባጃጁ ላይ!" አለ ግራ የገባው አያ ኑርዬ።

አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ወይዘሮ ተሾመች አጠገቡ ወደቆመችው ዙሌይካ ጠጋ ብለው "ሐዘኑ አናውዞታል፤ ብቻውን እንዳትተይው" አሏት።

አያ ኑርዬ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ። ሙአዊያ ዘወር ብሎ አየው፤ የአባቱ ጉንጭ በዕንባ ርሷል፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል።

"አባዬ፣ ሰዉ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?"

"አብሽር፣ ልጄ፤ ሞተሃል። ንዳ!"