የእትዬ ሙሉጌጥ የደጋፊ ቆጠራ

በአዲስ አበባ ቆጣሪ የሌለበት ሰፈር የለም። የመብራት ወይም የውሃ ቆጣሪ ማለቴ አይደለም፤ እነዚያ የሌሉበት ሰፈር ሞልቷል። የምለው ሰው የሚቆጥረውን ሰው ነው። ሰርግ ቤት ሲገባ ከሙሽራዋ በፊት ወንበሮቹን የሚያይ፣ ቀብር ላይ አፈሩ ሳይመለስ "ለካ ይህን ያህል ሰው ነበራት!" ብሎ የሚያንሾካሹክ፣ ልደት ላይ ሻማው ሳይጠፋ የቀረውን ዘመድ በጣቱ የሚያሰላ። እንዲህ ያለው ሰው ክፉ አይደለም። ፍቅር ልብ ውስጥ እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ ልብ ግን ስለማይታይ ወንበር ይቆጥራል።

የእኛ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ቆጣሪ ክብርት እትዬ ሙሉጌጥ ናቸው፤ የሴቶች እድር ሊቀመንበር፣ የድስቶች ጠባቂ፣ የድንኳን አዛዥ፣ ስም ጠሪ። ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ከታች ከቀበና ወንዝ እስከ ላይ እስከ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ይሰማል ቢባል ውሸት ነው፤ የሚከራከር ግን የለም። አንድ ሕግ አላቸው፦ "ያልተቆጠረ አልመጣም።" ከእሱ የሚከተል ሌላም አላቸው፦ "በሰው አፍ መገኘት የለም።" ጎረቤትሽ "እሷ እኮ እዚሁ ነበረች፤ አሁን ወጣ ብላ ነው" ብትልልሽ አይሠራም። ራስሽ ቆመሽ "አለሁ" ትያለሽ። እኔ ድምፄ ከከንፈሬ ስለማያልፍ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሳለሁ ቀሪ ተብዬ አውቃለሁ።

እኚህ ሴት ከቲክቶክ ጋር የተዋወቁት በእህታቸው ልጅ በመቅደላዊት ምክንያት ነው። መቅደላዊት "እንጦጦ ፀሐይ" የተባለው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል ናት። ቡድኑ የሚለማመደው ከቤታችን ከፍ ብሎ በሚገኝ የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ግቢው ዳገት ላይ ስለሆነ አጥር የዘለለች ኳስ ቁልቁል ትወርዳለች፤ የምትቆመውም ደስ ሲላት ነው። አሰልጣኝ ባፈና ልጆቹን ትልቅ ስታዲየም ውስጥ እንዳለ ሰው ያሰለጥናል፤ ግማሹን ጊዜ ግን የሚወስድበት ኳስ ፍለጋ ነው።

አንድ ቀን መቅደላዊት ከመረቡ በላይ ዘልላ ኳስ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየቻቸው። እትዬ ሙሉጌጥ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ስለ ዝላዩ ምንም አላሉም። ጣታቸውን ቀይዋ ልብ ሥር ወዳለችው ቁጥር ቀሰሩ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"የወደዱት ሰዎች ቁጥር ናት፣ እቴቴ።"

"ይቺው ብቻ?"

"ይቺው ብቻ።"

"ውይ ልጄን! አሁን አንቺ ብትሞቺ ማን ሊቀብርሽ ነው?"

"እቴቴ፣ ኳስ እኮ ነው የምጫወተው!"

"እሱማ ይታየኛል። ለመጫወትም ሰው ያስፈልጋል።"

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ስለ ተሰበሩ ወንበሮች ለመነጋገር ቀጠሮ ነበር። ወንበሮቹ ተረሱ። ልጆችና የልጅ ልጆች ተጠርተው መጡ፤ ለእያንዳንዷ አባል ቲክቶክ ተከፈተላት። ፎቶ ምረጡ ሲባሉ አንዷ ጽጌረዳ አደረገች፣ ሌላዋ የልጅ ልጇን በቆብ፣ ወይዘሮ አስካለች ደግሞ አዲሱን ሶፋቸውን።

ሥርዓቱም ወጣ። ቪዲዮ ሲለቀቅ እትዬ ሙሉጌጥ ስልክ ይደውላሉ፤ "ወጥቷል፤ ድረሱ!" ይላሉ። ሁሉም ይገባል፣ ልቧን ይጫናል፣ ከሥሩም "አለሁ" ብሎ ይጽፋል። ሌላ ቃል የለም። "ጎበዞች" ብላ የጻፈች አንዲት ሴት "ስም ሲጠራ ጎበዞች ተብሎ ይመለሳል እንዴ?" ተብላ ተገሥጻለች። የታመመና የወለደች ይፈቀድላቸዋል። "ዳታ አልቆብኝ" ግን ምስክር ይፈልጋል። የቀረች ሴት ቅጣቷ በሚቀጥለው ልምምድ ኳስ መልቀም ነው። ወይዘሮ አስካለች ነጠላቸውን አገልድመው ኳስ ተከትለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያየ ሰው ሌላ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም።

ቆጠራው ብዙ ሳይቆይ ከሰፈር ወጣ። አንድ ጊዜ በኮተቤ ታክሲ አብሬያቸው ተሳፍሬ ነበር። ከጎናቸው ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ወጣት ተቀምጧል።

"የኔ ልጅ፣ ኳስ ትወዳለህ?"

"በጣም እንጂ እማማ። አርሴናል ነኝ።"

"እሱ ስንት ሰው አለው?"

"ኧረ እማማ፣ በሚሊዮን ነው!"

"ታዲያ አንተ ብትቀር ማን ያውቃል? እኛ ጋ ግን ብትቀር ይታወቃል።"

ወጣቱ ሳቀ፤ ከመውረዱ በፊት ግን የእንጦጦ ፀሐይ ተከታይ ሆኗል። ረዳቱም ሳይጠየቅ ስልኩን አወጣና "እኔንም ይቁጠሩኝ፤ ለሰው መልስ ሰጥቼ እስክጨርስ ብቻ ይታገሡኝ" አለ።

በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንዲት የማትታወቅ ነበረች። ፎቶ የላትም፤ በፎቶ ፈንታ ያቺ ግራጫ የሰው ጥላ። ስሟም ቲክቶክ ራሱ ያወጣላት፣ "ዩዘር" ብሎ የሚጀምር የቁጥር ጋጋታ። ሁሉም ቪዲዮ ላይ ልብ ታስቀምጣለች፤ ብዙ ጊዜም ከሁሉ ቀድማ። ቃል ግን ጽፋ አታውቅም። እትዬ ሙሉጌጥ ምግብ አልበላ አላቸው። "ማን ናት? የሰፈራችን ናት? ወይስ ከተጋጣሚያችን ከኮተቤ ቡድን የተላከች ሰላይ?" እያሉ ቤት ለቤት ጠየቁ። እኔንም ጠየቁኝ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

እኔ ነበርኩ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ግጥም ነው። መቅደላዊት ስትዘል አየር ላይ ለጥቂት ጊዜ የምትቀር ይመስለኛል። ስለዚያች ጥቂት ጊዜ ስንኝ እጀምራለሁ፣ ቤት ሳይመታልኝ አጠፋዋለሁ። እንደ ሌሎቹ "አለሁ" ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ቃሉ ለእኔ በዛብኝ። ስለዚህ ልቧን ነክቼ ቀስ ብዬ እወጣለሁ።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ከዚያ ውድድሩ ቀረበ። ኮተቤና መሪ ድረስ ሄዶ ለመጫወት ሚኒባስ ያስፈልጋል፤ ማሊያውም ከመታጠብ ብዛት ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ጠፍቷል። አሰልጣኝ ባፈና ደጅ ሲጠና ከርሞ አንድ የቀለም ፋብሪካ አገኘ። ፋብሪካውም "ደጋፊ ካላቸው ወጪያቸውን እንችላለን፤ ማሊያቸው ላይ ስማችንን የሚያየው ከሌለ ግን ምን ያደርግልናል?" አለ። ባፈና ለልጆቹ አልደበቃቸውም። ይህ ካልተሳካ ቡድኑ ዘንድሮ ይፈርሳል።

ደጋፊውን እንዲለካ ፋብሪካው የላከው ጠሀ የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ላፕቶፑን ይዞ እትዬ ሙሉጌጥ ቤት መጣ። "የተማረ ሰው አብሮ ይኑር" ተብዬ እኔም ተጠርቼ ነበር። ጠሀ ብዙ አየ፣ ብዙ ጻፈ፣ በመጨረሻም አንገቱን ደፋ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እነዚህ ደጋፊዎች ሰዎች አይደሉም።"

"ምን አልክ?"

"ማሽን ናቸው። እንዲህ ያለ ተከታይ ይሸጣል። ይኸው ይዩት፤ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ሁሉም አንድ ቃል ይጽፋሉ፣ ተያይዘው ይወጣሉ። ሰው እንዲህ አያደርግም።"

"አንተ የት ነው ያደግከው?"

"መሪ።"

"መሪ እድር የለም?"

"አለ። እናቴም አለችበት።"

"ታዲያ እናትህ ማሽን ናት?"

ጠሀ ሳቁን ዋጠ። "እሺ፣ እነዚህስ ይሁኑ። ይቺስ? ፎቶ የላት፣ ስም የላት፣ ቃል የላት፤ ሁሉም ላይ ልብ ብቻ። ይቺ ማሽን ካልሆነች እኔ ነኝ ማሽን። እሁድ ጨዋታ አላችሁ አይደል? ሰዎቹን ያሳዩኝ። በተለይ ይቺን። ይቺን ካየሁ ሌላውን ሁሉ አምናለሁ።"

እኔ የምንጣፉን አበቦች በቃሌ እያጠናሁ ነበር።

እትዬ ሙሉጌጥ የሚያውቁት የጥሪ ዓይነት አንድ ብቻ ነው፤ በዚያው ጠሩ፦ "እሁድ በጠዋት፣ ሁላችሁም፣ ማንም እንዳይቀር።" እሁድ ጠዋት የሴቶች እድር ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አግዳሚ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ። ከሜዳው ዳር በረድፍ ተቀምጠው ዝም አሉ። የኮተቤ ልጆች ማሟሟቃቸውን አቁመው እርስ በርስ ተያዩ። አምበላቸው ወደ መቅደላዊት ጠጋ አለች።

"ነፍስ ይማር። ማን ነው?"

"ቡድናችን ነው" አለች መቅደላዊት። "እስካሁን ግን አልሞተም።"

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ስም ተጠራ። ዳኛው ፈቀደ፤ ባይፈቅድስ ምን ያመጣ ነበር?

"ጽጌረዳ!"

"አለሁ!"

"የልጅ ልጅ በቆብ!"

"አለሁ!"

"ሶፋ!"

"አለሁ!" ወይዘሮ አስካለች ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ።

ጠሀ ስልኩን እያየ ከፎቶዎቹ ጋር ያመሳክራል፤ ከንፈሩን ነክሶ። ረድፉ አለቀ።

"ግራጫዋ!"

ጠሀ አንገቱን አሰግጎ ረድፉን ቃኘ።

"ግራጫዋ! ስም የሌላት!"

ከላይ ከባሕር ዛፉ የሚወርደው ነፋስ ብቻ መረቡን ነቀነቀ። እኔ ከወይዘሮ አስካለች ጀርባ ተሸጎጥኩ። ጠሀ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ባፈና ኳሷን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ልጆቹ መሬት መሬት አዩ።

"እማማ፣ እንግዲህ..."

"ቆይ" አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። "እኔ አለሁላት።"

"ያውቋታል?"

"አላውቃትም። ግን ልጆቹ በባዶ የተሸነፉ ቀን እኔ እንኳን አፍሬ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ስገባ እሷ ቀድማኝ ተቀምጣለች። ማሽን የተሸነፈ ሰው ቤት ምን ሊያደርግ ይሄዳል? በእኔ ቁጠራት።"

ሴቶቹ ተያዩ። በሰው አፍ መገኘት የለም እያሉ ሰፈሩን ያስጨነቁ ሴት ለማያውቋት ግራጫ ጥላ አፍ ሆኑላት። ያን ጊዜ ተነሣሁ። ደፍሬ አይደለም፤ ያንን ቁጭ ብሎ መስማት ስላቃተኝ ነው። ስልኬን ከፍቼ ወደ ጠሀ ዘረጋሁት። አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና አየው።

"አንቺ ነሽ?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳን ሳትጽፊ?"

አፌን ከፈትኩ። እትዬ ሙሉጌጥ ቀደሙኝ።

"ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው አይተህ አታውቅም? እሱን አልመጣም ትለዋለህ?"

ጠሀ "አልልም" አለ።

ከዚያ እትዬ ሙሉጌጥ ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ሌባ!" አሉኝ። እንዲህ እንደ እቅፍ የሚሞቅ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

ጨዋታውን ተሸነፍን። መቅደላዊት የመጀመሪያዋን ነጥብ ስታስቆጥር የእድሩ ሴቶች ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ወይዘሮ አስካለች ጥቁር ልብሳቸውን ረስተው እልል አሉ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። የኮተቤ ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ።

ፋብሪካው በሳምንቱ ደወለ። ለዘንድሮ ሚኒባሱም ማሊያውም ተፈቀደ። ጠሀ ግን አንድ ልመና ነበረው፦ "እማማ፣ በሞቴ፣ ሁሉም አንድ ቃል አይጻፉ። አለቆቼን ማሳመን ከብዶኛል።" እትዬ ሙሉጌጥ ወዲያው ስብሰባ ጠርተው ቃል ማደል ጀመሩ።

"ጽጌረዳ፣ አንቺ 'ጎበዝ' ትያለሽ። የልጅ ልጅ በቆብ፣ አንቺ 'ክንድሽ ይባረክ'። አስካለች፣ አንቺ እልልታ ጻፊ።"

"እልልታ ደግሞ እንዴት ይጻፋል?"

"ረዘም አድርጊው።"

እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የመታልኝ ስንኝ ነበረኝ። እትዬ ሙሉጌጥ ሁሉንም ካዳረሱ በኋላ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"አንቺ ምንም አትጻፊ።"

"ለምን፣ እትዬ?"

"ሁሉም ካወራ ልጅቷን ማን ያያታል? አንቺ እያት።"

እያየኋት ነው። እሳቸውንም ጭምር።