ባለ አራት መቶ ስልሳ ዲግሪው ጎረቤት

"እግሬ ተሰበረ" ሲሉት አንገቱ የተሰበረ ሰው የሚያውቅ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። አንዲት ልብስ ሰፊን ግን ፈጣሪ በዚህ በኩል አብዝቶ ባርኳታል፤ የእሷ ጎረቤት ማወዳደሪያቸውን የሚያመጡት ከሰማይ ነው።

የክቡርነታቸው ሥራ ፍሪጅ መጠገን ነው። ስም አላቸው፤ ሰፈሩ ግን ጋሼ ቬኑስ ብሏቸው አርፏል። በፊታቸው "ኧረ ሙቀቱ ገደለን" ያለ ሰው አለቀለት። "ይሄ ደግሞ ሙቀት ነው? ቬኑስ ላይ አራት መቶ ስልሳ ዲግሪ ነው" ይሉታል፣ ትናንት ከዚያ የተመለሱ ይመስል። ንፋስ የልብስ ሰፊዋን ቆርቆሮ ገንጥሎ የወሰደባት ቀን እንኳ፣ መሰላሉን ይዘውላት ቆመው፣ ኔፕቱን ላይ ንፋሱ በሰዓት ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ እስኪበቃት አስረዷት። ዝናብ የደንበኛ ልብስ ሲያበሰብስባት ደግሞ ሌላ ፀሐይ የምትዞር፣ ብረት የሚዘንብባት ዓለም ተገኘችላት። ምነው እዚያው በሄዱልኝ ትላለች በልቧ።

በአንድ ነገር ግን አይታሙም። የፍሪጅ ቴርሞሜትራቸው ሁለት ዲግሪ ጨምሮ ነው የሚያሳየው። ጠባዩን አውቄዋለሁ ብለው አይቀይሩትም፤ "ሁለት ቀንሱበት" ሳይሉም ለማንም አሳይተውት አያውቁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልብስ ሰፊዋ የሦስት ዓመት ልጅ ከተኛችበት አልነሳ አለች። እናት ግንባሯን ብትነካው ይፋጃል። በስሟ ብትጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ከደነችው። ቤቷ ውስጥ ሙቀት መለኪያ የለም፤ ያላቸው እሳቸው ናቸው። አሁን ቬኑስን ከጠሩብኝ ሁለተኛ ዓይናቸውን አላይም ብላ እየማለች በራቸውን አንኳኳች።

መጡ። የመለኪያውን ጫፍ በአልኮል ጠርገው ከልጅቷ ብብት ሥር አደረጉና ጠበቁ። እናትየው የምታየው መለኪያውን ሳይሆን ፊታቸውን ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ስንት ነው ጋሼ?"

"አርባ አንድ።"

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዝምታው ከቁጥሩ ይልቅ አስደነገጣት፤ ምነው ያን ጊዜስ ቬኑስን በጠሩላት። እሳቸው ግን ልጅቷን ታቅፈው ወጥተዋል። አንድ እግራቸው ጫማ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ከኋላቸው ስትሮጥ፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ" የሚለው ድምፃቸው ሲቆራረጥ ይሰማታል።

ነርሷ በራሷ መለኪያ ለካቻት። ሠላሳ ዘጠኝ። ጉሮሮዋ ቆስሎ ነው፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ከወሰደች ትድናለች አለች። ጋሼ አልተዋጠላቸውም፤ አርባ አንድ ነው፣ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ ብለው ተሟገቱ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿ ገና አልተመለሰም፤ ድንገት ግን ገባት።

"ጋሼ፣ ሁለት ይቀንሱበት እንጂ።"

መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ባዶ እግራቸውን አዩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይረሱ ሲቀንሷት የኖሩትን ሁለት ዲግሪ ዛሬ ረሷት። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አራት መቶ ስልሳ ዲግሪ ያላስደነገጣቸው ሰው በሁለት ዲግሪ አለቀሱ።

በሳምንቱ ፀሐይዋ ከረረች። ልጅቷ ደጃፉ ላይ በቁራጭ ጨርቅ ትጫወታለች፤ የጋሼ መስኮት ክፍት ነው። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

"ኧረ ሙቀቱ ገደለን" አለች፣ ድምፅዋን ሆን ብላ ከፍ አድርጋ። ከዚያም ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጋ ጠበቀች።