ግሬናዳ እንደምን አደርሽ?

ሰላምታ ሳያደርስ ወደ ጉዳዩ የሚሮጥ ሰው አይጣልባችሁ! እኛ የመርሳ ሰዎች ሰው ስናገኝ ራሱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሳንጠይቅ ወሬ አንጀምርም። መቸኮል ምን ያተርፋል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል የሚባለው? ይህን ሁሉ የምለው ጥፋቴን ለማቅለል ነው፤ ደብቄ ምን ላድርግ።

የወንድሜ ልጅ መሠረት አምስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ግሬናዳ ከምትባል፣ ባሕር መሐል ከተቀመጠች አገር ልጆች ጋር በስልክ እየተያዩ ሊተዋወቁ ነው። ቅመም ከምሸጥበት ገበያ መጥታ፣ «አክስቴ፣ ነገ ገውዝ ይዘሽ ነይልኝ፤ ለልጆቹ ላሳያቸው። የአገሪቱ ባንዲራ ላይ ያለው እሱ ነው» አለችኝ። ገውዝ! ባንዲራ ላይ! አንበሳ አይደል፣ ጎራዴ አይደል። ያቺን አገር ያቆማት ቅመም የምታውቅ ሴት መሆን አለባት ብዬ እዚያው ገበያ መሐል እልል አልሁ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ገውዙን በየልጁ አፍንጫ ሥር አዞርሁት። መሠረት ካርታው ላይ ጣቷን ብታሳርፍ አገሪቱ ከጣቷ ሥር ጠፋች። እኔ ሐይቅ ከተማ ካለው ውኃ ሌላ ባሕር የሚባል አላየሁም። ግን ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ መጣችልኝ፦ ዙሪያዋን ውኃ፣ እኛ ልንሸኛት የተነሣነው ፀሐይ እነሱ ዘንድ ገና ማለዳ ሆና፣ ሰው ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያዛጋ። ከእኛው መርሳ በምን ተለየች? በባሕሩ ብቻ!

ስለ ባሕሩ የምትጠይቀው ደግሞ ሐያት ናት፤ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ። «ባሕር አጠገብ የሚተኛ ሰው ሕልሙ ምን ይመስላል?» የሚል ጥያቄ በወረቀት ጽፋ ሳምንት ሙሉ ስታጠናው ከርማለች።

አሥር ሰዓት ላይ የግሬናዳዎቹ ልጆች ፊት ስልኩ ውስጥ ብቅ አለ። ኔትወርኩ ይቆያል ቢባል ሩብ ሰዓት ነው። መሠረት፣ «ትልቅ ሰው አንቺ ነሽ፤ በአጭሩ ሰላም በያቸውና ለተማሪዎቼ ልቀቂላቸው» አለችኝ። በአጭሩ! እንደምን አደራችሁ አልሁ፤ እሷ በእንግሊዝኛ ታደርስልኛለች። እናት አባታችሁስ? ዝናቡስ? ፍየሎቻችሁ ወለዱ? አንዱ ልጅ አያቱን ትንሽ እንዳመማት ሲናገር ታዲያ ዝም ልበል? ምኗን ነው የሚያማት? ማን ያስታምማታል? ልጆቹ ሁሉ ወደ ስልኩ ተጠግተው የየቤታቸውን ይነግሩኝ ጀመር። መሠረት ጎኔን ስትጎነትለኝ ደስታዋ መስሎኝ ባሰብኝ። «በሉ፣ አሁን ሐያት ትጠይቃችሁ» ስል ኔትወርኩ ሄደ።

ሐያት አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተችና፣ «ምንም አይደል እትዬ፤ ብቻ አሮጊቷን አላህ ያሽርልን» አለችኝ።

ከርሞ ከርሞ ደብዳቤ መጣ። መሠረት ጮክ ብላ ተረጎመችልን፦ እኛ ደህና ነን፤ እናቶቻችንም ደህና ናቸው፤ አያትየዋ ተሽሏታል፤ ፍየል ያለው የአንዳችን አጎት ብቻ ነው፣ ፍየሏም ወልዳለች። እናንተስ? ዝናቡስ? ሴትዮዋስ እንዴት ናት? ወረቀቱ ፊትና ጀርባው ሞልቶ አለቀ፤ ስለ ባሕሩ አንዲት ቃል የለም። እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች!

መልሱን መጻፍ ለሐያት ተሰጣት። «ጥያቄሽን መጀመሪያ ላይ አድርጊውና ተገላገይ» ብላት፣ «እንዴ እትዬ! ሰላም ሳልላቸው?» ብላ ደነገጠችብኝ። ትናንት ሳያት ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበረች፤ ባሕሩ ጋ ገና አልደረሰችም።