የአራተኛ ፎቋ ክብርት ደራሲ

ከደራሲ ጋር በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው የራሴ የሚለው ነገር የለውም። ሌባ ቤትዎ ቢገባ ቴሌቪዥን ይዞ ይሄዳል፤ ለፖሊስ ያመለክታሉ፣ ሌላ ይገዛሉ። ደራሲ ግን ሳልዎን ይወስዳል። ከሚስትዎ ጋር ሲጣሉ በሩን የሚዘጉበትን አዘጋግ፣ ሲዋሹ ጆሮዎን የማከክ ልማድዎን ይወስድና ከሁለት ዓመት በኋላ ለማያውቁት ሰው ሰጥቶት ያገኙታል። ለማን ይጮኻሉ?

የእኛ ሕንጻ ደራሲ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ክብርት እንላቸዋለን። ማዕረጉን የሰጣቸው የበሩ ጥበቃ ነው። አንድ ቀን በቤት ጫማ፣ በወፍራም ካፖርትና ጸጉራቸው ላይ በተሰኩ ሦስት እስክሪብቶዎች ወደ ዳቦ ቤት ሲወጡ አያቸውና ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ክብርት ሆይ፣ መልካም ጉዞ!» አላቸው። ቆም ብለው «እስቲ ድገመው» አሉት። ደገመው። መዳፋቸው ላይ ጻፉት። ስሙም በዚያው ጸና።

«እስቲ ድገመው»ን ከክብርት አፍ ያልሰማ ነዋሪ የለም። ሰው ሲናደድ፣ ሲያለቅስ፣ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ሲራገም ከኋላው ብቅ ይላሉ። የተደገመ እርግማን ደግሞ ኃይል የለውም፤ ስንቱ ጠብ በዚሁ እንደበረደ ቤቱ ይቁጠረው። ደብተር አይዙም። «ደብተር ሳወጣ ሰው መዋሸት ይጀምራል» ይላሉ። ስለዚህ የሚጽፉት መዳፋቸው ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ክብርትን የጨበጠ ሰው የሌላ ሰው ንግግር እጁ ላይ ይዞ ቤቱ ይገባል።

ገጸ ባሕርይ የሚፈጥሩበት መንገድ ከዚህም የባሰ ነው። ሌላው ደራሲ ለፈጠረው ሰው አስቀድሞ ስም ያወጣለታል፣ ዓይንና አፍንጫ ይሠራለታል። ክብርት መጀመሪያ ሥራ ያስይዙታል። «ሥራ የፈታ ሰው ገጹ ላይ እየተንጎራደደ ያናድደኛል» ነው የሚሉት። ሥራውን ደግሞ ራሳቸው ካልሞከሩት አያምኑም። የሚለማመዱት ታዲያ በማን ላይ ነው? በእኛ ነዋ!

ጸጉር አስተካካይ በፈጠሩበት ዓመት መቀስና ማበጠሪያ ገዝተው ፎቅ በፎቅ ዞሩ። እምቢ ለማለት አንጀት ያለው ሰው ጠፋ። የሁለተኛ ፎቁ አስተማሪ አንድ ወር ሙሉ በኮፍያ አስተማረ። እኔም በግራ ጆሮዬ በኩል እስካሁን ሳሳ ብዬ ነው የምኖረው።

ሌባ የፈጠሩ ጊዜማ ጉድ ፈላ። መጀመሪያ የፋርማሲ ባለሙያዋ ጃንጥላ ጠፋ። ቀጥሎ ከአስተማሪው በር ላይ የእግር መጥረጊያው ተነሳ። ቀጥሎ የእኔ ጫማ፣ ያውም አንድ እግሩ ብቻ። የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ከሁሉም አምርረው የተናገሩት ክብርት ነበሩ፤ «ይህ ሰው ነገ መኝታ ቤታችን ይገባል!» ብለው ጠረጴዛ ሲደበድቡ የፋርማሲ ባለሙያዋ አለቀሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት በራችንን ስንከፍት ሁሉም ዕቃ በየባለቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል። ጫማዬ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ነበረች፦ «ተይዟል። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ።» ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ጫማው ግን ተወልውሎ ነው የተመለሰው።

የፈጠሩትን ሰው ሥራ ካስያዙት በኋላ ጉድለት ይፈልጉለታል። ጉድለት ያልተገኘለት ሰው ካለ ክብርት እንቅልፍ የላቸውም፣ በእውኑ ዓለምም ቢሆን። እህቴ እጮኛዋን ልታስተዋውቀን ያመጣች ቀን ደረጃ ላይ አገኟቸው። እህቴ ደስታዋን መያዝ አቅቷት መሐንዲስ መሆኑን፣ እናቱን ማክበሩን፣ መጠጥ አለመንካቱን ዘረዘረች። ክብርት ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ጥሩ፣ ጥሩ። ጉድለቱስ?» አሉ። እህቴ ሦስት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። በአራተኛው ቀን ሰውየው ሻይ ሲጠጣ ድምፁ ሁለት ፎቅ አልፎ እንደሚሰማ ተደረሰበትና ሁላችንም ተገላገልን። «አሁን ሰው ሆነ» አሉ ክብርት፣ በሠርጉ ቀን ጉንጩን ስመው።

በዚህ ሁሉ ስስቅ የኖርኩት የእኔ በር እስኪንኳኳ ድረስ ነው።

አባቴ ሰዓት ሠሪ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ሥር፣ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው በሚቆምባት የመስታወት ሱቅ ውስጥ፣ አጉሊ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ኖረ። እጁ ወርቅ ነበር፤ ምላሱ ግን እሬት። «ውሃ አልነካውም» ለሚል ደንበኛ ሰዓቱን ፊቱ ከፍቶ ዝገቱን ያሳየውና «ታዲያ ይሄ እንባው ነው?» ይለዋል። የዋሸውን ሰው ሰዓት ሠርቶ ጨርሶ በቅጣት አንድ ሳምንት የሚያቆይ ሰው ነው።

በሬ ከመንኳኳቱ ሁለት ዓመት በፊት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማንም ሳይናገር ሱቁን ዘጋ፤ መሣሪያዎቹን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከቶ እኔ ቤት መጣ፤ ቆርቆሮውን አልጋው ሥር ገፋው። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ቢያናግሩት «እህ» ይላል። ሻይ የሚጠጣው ሰው ሲወጣለት ነው፤ እኔንም ጨምሮ። ስለ እጁ እሱ አያነሳም፣ እኔም አላነሳም።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክብርት የቆመ የጠረጴዛ ሰዓት በብብታቸው ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ ሰዓት ሠሪ ልጽፍ ነውና ሥራውን ያስተምሩኝ» አሉት። ደሜ ፈላ። የሰው ሳል የማይምሩ ሴትዮ ያንን እጅ ካዩ ምን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። ሲወጡ ተከትዬ ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው።

«እትዬ፣ የፈለጉትን ይጻፉ። የአባቴን እጅ ግን መጽሐፍ ውስጥ እንዳላይ!»

«እስቲ ድገመው» አሉኝ።

እኔም ሞኝ ነኝ፣ ደገምኩት። መዳፋቸው ላይ ጻፉት።

አባዬ «እህ» ብሎ የሚመልሳቸው መስሎኝ ነበር። ስመለስ ግን አልጋው ሥር ተንበርክኮ ቆርቆሮውን ሲጎትት አገኘሁት። ስምንት ወር ሙሉ ማክሰኞና ዓርብ፣ አራት ሰዓት ላይ ትምህርት ሆነ። እሱ ያዛል፣ እሳቸው ይፈታሉ።

«ቀስ በይ! ቀስ አልኩሽ እኮ! ብሎኗስ የታለች?»

«ጋሼ፣ በራሷ ጊዜ ጠፋች።»

«በራሷ ጊዜ? እግር አወጣች?»

ሁለት ዓመት ዝም ያለ ሰው ድምፁ በሩ ላይ ላለው ጥበቃ ይሰማ ጀመር። ክብርት የራሳቸውን ሰዓት አበላሹ፣ የፋርማሲ ባለሙያዋን ሰዓት አበላሹ። የእኔም የእጅ ሰዓት አልቀረም፤ ዛሬም ሰባት ተኩል ላይ ነው። እኔ ግን መጽሐፉ የሚወጣበትን ቀን እየፈራሁ ነበር የምኖረው።

ወጣ። ክብርት አንድ ቅጂ ለአባዬ ብለው ሰጡኝ። መኝታ ቤቴን ቆልፌ አነበብኩት፤ በየገጹ የማድነው ያንን እጅ ነው። ዳቦ ጋጋሪ አለ። አዋላጅ አለች። በግራ ጆሮው በኩል የሳሳ የጋዜጣ ጸሐፊም አለ፤ እሱን እንተወው። ሰዓት ሠሪ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ የለም። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ በሩን እስክከፍት ቆየች። አባዬ የሱቁን ጊዜ ኮት ለብሶ ተቀምጧል። ጢሙን ራሱ ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ ሁለት ቦታ ተቆርጧል።

«አለሁበት?» አለኝ።

ዓይኑ ደቃቅ ፊደል ማንበብ ካቆመ ቆይቷል። መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ለጥበቃው ነግሯል፣ ለፋርማሲ ባለሙያዋ ነግሯል፣ ደውሎ ለእህቴ ነግሯል፤ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እጁን ለመሸሸግ ስባዝን ሰውየው ስምንት ወር መጽሐፍ ውስጥ ለመግባት ሲጠብቅ ኖሯል።

«አለህበት» አልኩት።

«የት ላይ?»

«ምዕራፍ አሥራ አንድ።»

«በል አንብብልኛ!»

ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ነገ ብዬው አራተኛ ፎቅ በሩጫ ወጣሁ። «ሰዓት ሠሪው የታል?» ብዬ ክብርት በር ላይ ጮህኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሦስት ጊዜ ጻፍኳቸው፤ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እጃቸውን አትንኪ ብለኸኛል። ያለ እጁ ሰዓት ሠሪ እንዴት አድርጌ ላቁም?»

«ታዲያ ስምንት ወር ሙሉ ምን ሲያመላልስዎት ነበር?»

«ሰዓቱ መች ተሠራና?» አሉ ተገርመው። በሩን መለስ ሲያደርጉ ደግሞ «አባትህ ናቸው። አንተ ጻፋቸው» አሉኝ።

አፈርኩ። የመላ ሕንጻውን ሳልና እርግማን የዘረፉ ሴትዮ፣ ደረጃ ላይ ለተናገርኩት አንድ ቃል ሲሉ ስምንት ወር የደከሙበትን ሰው ከመጽሐፋቸው አውጥተዋል። እኔ ግን እሳቸውን ሌባ ስል ነው የኖርኩት።

ጋዜጣ ላይ ስጽፍ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ ምዕራፍ ምን ያቅተኛል አልኩ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሰዓት ሠሪ ፈጠርኩ፦ ትዕግሥተኛ፣ አንደበቱ ማር፣ እጁ ቅንጣት የማይነቃነቅ፣ ደንበኞቹ መርቀውት የሚሄዱ። ወረቀቱን መጽሐፉ መሃል ሸጉጬ አነበብኩለት። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። በሁለተኛው ቀንም ጻፍኩ፣ አነበብኩ፣ ሰማ። በሦስተኛው ቀን ሰዓት ሠሪዬ ለአንዲት ምስኪን አሮጊት በነጻ እየሠራ እያለ አባዬ ዓይኑን ገለጠ።

«ይሄ የእሷ አይደለም» አለ።

«እንዴት?»

«የእሷ ቢሆን እስካሁን ሁለት ደንበኛ አባሮ ነበር። ለመሆኑ ይሄ ማነው? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ሱቄ ደጃፍ አላስቆመውም።» ከዚያ ክብርትን አስመስሎ አንገቱን ዘንበል አደረገና «ጥሩ፣ ጥሩ» አለኝ። «ጉድለቱስ?»

 አባዬ ቀኝ እጁን ከኮቱ ኪስ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻዩ አጠገብ አሳረፈው። ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ይንኳኳ ጀመር። እኔ ፊት እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።

«የጀመረኝ ቀን» አለ፣ «ትንሽዬ የሴት ሰዓት ይዤ ነበር። ብሎኗ ሦስት ጊዜ ከእጄ ወደቀች። ባለቤቷ ቆማ ታየኛለች። ‹መብራቱ ነው› አልኳት። እኔ! የዋሸ ደንበኛ የማልምረው ሰውዬ፣ መብራቱ ነው አልኳት።»

«እስቲ ድገመው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

አባዬ ሳቀ፣ ደገመው። ባዶ ወረቀት ፍለጋ ብነሳ እጁን መልሶ ኪሱ የሚከተው መስሎኝ ፈራሁ። መዳፌ ላይ ጻፍኩት።