አንጓ የሌለው ቀርከሃ

[የልብስ ስፌት ሱቅ፣ የኋላ ክፍል። ከመሸጫው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን የተከመሩ ሸሚዞች፣ አንሶላዎችና ካልሲዎች። ሊቁ የሱቁ ባለቤት ነው፤ ይህን ስም ያወጣለት ሰው የለም፣ ራሱ ነው ያወጣው። አማች የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ በሱቁ ውስጥ መርፌ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው። አንድ ካልሲ ይዞ ይዳብሳል።]

አማች፦ እኔ የምለው፣ አንጓው የት ሄደ?

ሊቁ፦ የምን አንጓ?

አማች፦ የቀርከሃው ነዋ። ቀርከሃ አንጓ አለው። ይሄን ካልሲ ከአፉ እስከ ጫፉ ዳበስኩት፣ አንድም አንጓ የለውም።

ሊቁ፦ አንጓ ያለው ካልሲ ማን ይገዛል?

አማች፦ እኔ ይገዛል አላልኩም። የት ሄደ ነው ያልኩት።

ሊቁ፦ በል እንግዲህ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳህ። ቀርከሃው ይቆረጣል። ከዚያ ይከተከታል።

አማች፦ ከነአንጓው?

ሊቁ፦ ከነአንጓው። ከዚያ ኬሚካል ውስጥ ይነከርና ይሟሟል።

አማች፦ ኬሚካል ስትል፣ ሳሙና ነገር?

ሊቁ፦ ሳሙናማ ምን አላት። ሠራተኞቹ አፍንጫቸውን ሸፍነው የሚያማስሉት ነገር ነው። ቀርከሃው ሟሙቶ ሙጫ ይሆናል። ሙጫው በጥቃቅን ቀዳዳ ተጨምቆ ሲወጣ ክር ይሆናል። ክሩ ይሸመንና ጨርቅ ይሆናል። ገባህ?

አማች፦ ገብቶኛል። ቀርከሃው ሞቷል።

ሊቁ፦ አልሞተም፣ ተለወጠ።

አማች፦ አንጓው ጠፋ፣ ቅጠሉ ጠፋ፣ ቀለሙ ጠፋ፣ ጥንካሬው ጠፋ። ታዲያ የቀረው ምኑ ነው?

ሊቁ፦ ስሙ።

አማች፦ [ትንሽ አስቦ] ላሟ ሣር ትበላለች።

ሊቁ፦ ላሟን ደግሞ ምን አመጣት?

አማች፦ ሣሩ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ወተት ይሆናል። የወተት ጠርሙስ ላይ ግን “ንጹሕ ሣር” ተብሎ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

ሊቁ፦ አንተን ይዞ ንግድ። ስማ፣ ይሄ ነገር ስንት ሰው አከራክሯል መሰለህ። “ቀርከሃ አትበሉት፣ ቪስኮስ በሉት” የሚሉ አሉ።

አማች፦ ትክክለኛ ስሙ ቪስኮስ ነው?

ሊቁ፦ ለሚያውቅ ሰው፣ አዎ። ለኔ፣ አዎ።

አማች፦ ታዲያ በምንሰፋው ሌብል ላይ ለምን እንደዚያ ብለን አንጽፍም?

ሊቁ፦ ቪስኮስ የሳል መድኃኒት ነው የሚመስለው። “አንድ ቪስኮስ ስጠኝ” ብሎ የሚገባ ደንበኛ ማንኪያም አብሮ ነው የሚጠይቅህ። ቀርከሃ ስትለው ግን ሰውየው ገና ሳይለብሰው ጥላው ይሰማዋል፣ ነፋሱ ይሰማዋል።

አማች፦ “ቀርከሃ” ከሚለው ሥር ደግሞ “የተፈጥሮ ወዳጅ” ይላል።

ሊቁ፦ እሷን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

አማች፦ ተፈጥሮ ታውቃለች?

ሊቁ፦ ምኑን?

አማች፦ ወዳጅ መሆናችሁን። ወዳጅነት ከሁለት ወገን ነው መቼም።

ሊቁ፦ ቀርከሃ ቶሎ ያድጋል። ብዙ ውሃ አይፈልግም። የተባይ መድኃኒት አይፈልግም። ቢቆርጡት ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ልትክድ ነው?

አማች፦ አልክድም። እንግዲያማ ወዳጁ ቀርከሃው ነው እንጂ ሸሚዙ አይደለም። የዚያ የኬሚካል እጣቢስ የት ይደፋል?

ሊቁ፦ ወንዝ ውስጥ የሚደፉ አይጠፉም። ጠንቃቆቹ ግን አጣርተው መልሰው ይጠቀሙበታል።

አማች፦ የኛ ከየትኞቹ ነው?

ሊቁ፦ የኛ... የኛ ከነጋዴው ነው።

አማች፦ እንግዲህ የወንዙን ዓሣ ሳንጠይቅ ነው ወዳጅ ነን ያልነው።

ሊቁ፦ ሲያረጅ ደግሞ አፈር ይሆናል። በቃ፣ ይሄ አይበቃህም?

አማች፦ እኔም ሳረጅ አፈር እሆናለሁ። የተፈጥሮ ወዳጅ ብሎ የለጠፈብኝ ሰው ግን የለም።

ሊቁ፦ [ካልሲውን ይነጥቀዋል] ሽታ እንደማይዝስ? እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። አንዴ አጥልቄው ሳላወልቅ ሰንብቻለሁ።

አማች፦ ለዚህ ነው እህቴ ሳሎን ያስተኛችህ?

ሊቁ፦ ወገቤን አሞኝ ነው። ሶፋ ይስማማኛል።

አማች፦ ሶፋውን በረንዳ አውጥታዋለች እኮ።

ሊቁ፦ ነፋሱም ይስማማኛል።

አማች፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ የምፈራው እሷን ነው። በደረቅ በጋ ጃንጥላ አስመጥተህ የመጀመሪያው ሱቅ ሲዘጋ ዝም አለች። ሁለተኛውም ሲዘጋ ዝም አለች። “ይሄ ከተዘጋ ግን ከበረንዳውም ትወጣለህ” ብላሃለች፣ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ሊቁ፦ ይሄ አይዘጋም። ይሄን የያዘው ሊቁ ነው።

አማች፦ ጃንጥላውንስ ማን ነበር የያዘው?

[የሊቁ ስልክ ይጮኻል።]

ሊቁ፦ ሃሎ። ኦ፣ ባርኔጣ ሻጩ፣ ደህና አደርክ?... ማን መጣች?... ተቆጣጣሪ?... ቪስኮስ ልብስ ላይ “ቀርከሃ” የሚል ሌብል ያገኘችበትን ሱቅ ምን አደረገችው?... “ታሽጓል” የሚለውን ቀይ ወረቀት ለጠፈችበት?... አሁን የት ናት?... እኛ ጎን?

[ስልኩ ከእጁ ላይ ይወድቃል።]

አማች፦ ምን ሆንክ?

ሊቁ፦ አለቀልን። መቀስ አምጣ። ሌብሉን ሁሉ ፍታ፣ ቶሎ በል።

አማች፦ ከምኑ ላይ ልፍታ?

ሊቁ፦ ከልብሱ ላይ ነዋ። ከሸሚዙ፣ ከአንሶላው፣ ከካልሲው።

አማች፦ እነሱ ላይ መች ሰፋሁና።

ሊቁ፦ ትናንት ሙሉ ጥቅል ሌብል ሰጥቼህ፣ ዛሬ ጠዋት አልቋል አላልከኝም?

አማች፦ አልቋል።

ሊቁ፦ ልብሱ ላይ ካልሰፋኸው የት አባህ ሰፋኸው?

አማች፦ አንተ ባልከኝ ቦታ። “ቀርከሃ የሆነ ነገር ሁሉ ላይ ስፋ። ቀርከሃ ያልሆነ ነገር ላይ እንዳትሰፋ፣ ኋላ ከሰው ታጣላኛለህ” አላልከኝም?

ሊቁ፦ ብያለሁ። እና?

አማች፦ እናማ ፈለግኩ። የደንበኛ መቀመጫው ወንበር ቀርከሃ ሆኖ አገኘሁት። መሰላሉም ቀርከሃ ነው። ልብስ የምንሰቅልበት አግዳሚ፣ ቅርጫቱ፣ የመጥረጊያው እጀታ። ልብሱን ስዳብሰው ግን፣ እንዳልኩህ ነው፣ አንጓ የለውም።

ሊቁ፦ [ራሱን በሁለት እጁ ይዞ] መሰላል ላይ እንዴት ተደርጎ ይሰፋል?

አማች፦ መርፌ ስሰብር ዋልኩ። ኋላ በሚስማር መታሁት።

ሊቁ፦ ያን ሁሉ ሌብል ግን ለአንድ ወንበርና ለአንድ መሰላል?

አማች፦ ተርፎኝ ነበር። የባርኔጣ ሻጩም ወንበሮች ቀርከሃ ናቸው። የጎረቤታችን የፀጉር አስተካካዩም አጥር ቀርከሃ ነው። ሁሉም አመሰገኑኝ።

ሊቁ፦ አጥር ላይ “በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ” የሚል ለጥፈህ መጣህ?

አማች፦ ሲያጥበው አየሁት። በጣም አምሮበታል።

[የሱቁ በር ሲከፈት ይሰማል። የሴት ጫማ ኮቴ።]

ሊቁ፦ [በሹክሹክታ] መጣች። አንተ ውጣ። እኔ የለሁም።

አማች፦ የት ሄደ ልበላት?

ሊቁ፦ የምትለውን እኔ ከዚህ ሹክ እልሃለሁ። ከራስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር። [የመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ይገባል።]

[አማች መጋረጃውን ገልጦ ይወጣል። የተቆጣጣሪዋ ድምፅ አይሰማም፤ የሚሰማው የሱ መልስ ብቻ ነው።]

አማች፦ ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ።... ባለቤቱ? የለም፣ ጠረጴዛ ሥር...

ሊቁ፦ [ሹክ ብሎ] ስብሰባ በል።

አማች፦ ጠረጴዛ ሥር ስብሰባ ላይ ነው።

ሊቁ፦ ገደልከኝ።

አማች፦ ቁጭ ይበሉ።... አዎ፣ ሌብሉ የሚለው ወንበሩን ነው። ይንኩት፣ ይኸው አንጓው።... አዎ፣ መሰላሉም።... እሱም።... ሸሚዞቹ?

ሊቁ፦ ጥጥ በላት።

አማች፦ ጥጥ አይደሉም። ቪስኮስ ናቸው።... ኧረ ለሳል አይሆንም፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።... የተፈጥሮ ወዳጅ የሚለው? እንጃ እትዬ፣ ወንበሩ ከተፈጥሮ ጋር ሲጣላ አላየሁትም።

[ከመጋረጃው ወዲያ ሳቅ ይሰማል። በሩ ይዘጋል። አማች ይመለሳል።]

ሊቁ፦ [አንገቱን ብቅ አድርጎ] ለጠፈችው?

አማች፦ ምኑን? ከዚህ መንገድ ሱቆች ሁሉ ሌብሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት የናንተን ብቻ ነው አለች። “ይሄን ያሰበ ሰው አስተዋይ ነው” ብላ እጄን ጨበጠችኝ።

ሊቁ፦ [ከጠረጴዛው ሥር ይወጣል] የማንን እጅ?

አማች፦ የኔን።

ሊቁ፦ አስተዋይ አለችህ? አንተን?

አማች፦ እኔም ደንግጬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አይቻለሁ፣ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሊቁ፦ ሱቁ የኔ፣ ሌብሉ የኔ፣ ሐሳቡ የኔ፣ የሚጨበጠው እጅ ያንተ? ይሄማ አይሆንም። ባጄን አቀብለኝ፣ “ሥራ አስኪያጅ” የሚለውን።

አማች፦ ጋሼ፣ ተው። ተርፈናል እኮ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

ሊቁ፦ አስተዋዩ ማን እንደሆነ ትወቅ።

[ባጁን ደረቱ ላይ ሰክቶ ይሮጣል። ከውጭ ድምፁ ይሰማል።]

ሊቁ፦ ክብርት ሆይ፣ አንዴ ይቆዩ። ተሳስተዋል። እሱ አስተዋይ አይደለም፣ በስህተት ነው ወንበር ላይ የሰፋው። እኔ ያዘዝኩት ሸሚዞቹ ላይ ነበር።... አዎ፣ እኔው ራሴ።... ቪስኮስ መሆኑንማ እንዴት አላውቅም? በዚህ ከተማ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አማች፦ [ለብቻው] በቃ፣ በረንዳውም ቀረ።

[ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሊቁ ቀስ ብሎ ይገባል። ባጁ ደረቱ ላይ የለም፣ እጁ ላይ ነው።]

አማች፦ ለጠፈችብን?

ሊቁ፦ አልለጠፈችም። የታሰበን ሳይሆን የተሰፋን ነው የምቀጣው አለች። ልብሱ ላይ “ቪስኮስ” ብላችሁ ጽፋችሁ ሽጡ፣ ተመልሼ አያለሁ አለች።

አማች፦ ተመስገን። እህቴም አልሰማችም፣ ሱቁም አልተዘጋም። ፊትህ ታዲያ ምን ሆነ?

ሊቁ፦ አንድ የውሸት ሌብል አገኘች።

አማች፦ የት? እኔ ሁሉንም ዳብሼ ነው የሰፋሁት።

ሊቁ፦ ደረቴ ላይ። “ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አይገናኝም” ብላ ነቀለችው። ለሚገባው ሰው ስጥ አለችኝ። [ባጁን፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ ለአማች ይዘረጋለታል።]

አማች፦ [ባጁን ያገላብጠዋል] እኔ ደግሞ እንዲሁ አልለጥፍም። መጀመሪያ እውነት መሆኑን ማየት አለብኝ።

ሊቁ፦ ይሄ እንዴት ተደርጎ ይታያል?

አማች፦ እስቲ ወለሉን ጥረግ።

[ሊቁ መጥረጊያውን አንስቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መጥረግ ይጀምራል። አማች ቆሞ ያየዋል።]

አማች፦ [ባጁን ደረቱ ላይ እየሰካ] እውነት ነው።